የዓሣ ማቆያ ገንዳ በጀልባ ላይ፦ ወለሉን ከመብሳታችሁ በፊት

አንድ የባሕር ዳር አጥማጅ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦

«ከወንድሜ ጋር የምንሠራበት 6 ሜትር የሚሆን የብረት ጀልባ አለን፤ ሞተሩ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። የምናጠምደው ከዘጌ ማዶ ነው፣ አብዛኛውን በመረብ፣ አንዳንዴ በመንጠቆ። ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ምግብ ቤቶች ዓሣውን ከነነፍሱ ካመጣንላቸው ዋጋ ጨምረው እንደሚወስዱልን ነገሩን። ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ በርሜል ውሃ ሞልተን 20 ኪሎ ገደማ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ከተትንበት። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሁሉም ተገልብጦ ተንሳፈፈ። ውሃው ሞቆ ነው ብለን በሌላ ቀን በረዶ ጨመርንበት፤ ጭራሽ ባሰ። አሁን የጀልባውን ወለል በስተን ትልቅ ገንዳ ልናስበይድ አስበናል። ስንት ሊትር ይሁን? ፓምፑስ ምን ዓይነት ይሻላል?»

ወለሉን አትብሱት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ። ከውሃ በታች ያለ ብረት ላይ የተከፈተ ቀዳዳ፣ ብየዳው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዝገት የሚጀምርበት ቦታ ነው። ቀዳዳው ላይ የሚገጠመው ጎማ አንድ ቀን ከተላቀቀ ጀልባው መሐል ሐይቅ ላይ ይሞላል። የምትፈልጉትን ነገር ደግሞ ያለዚያ ቀዳዳ መሥራት ይቻላል።

አሁን ወደ ዓሣው። የገደለው ሙቀቱ አይደለም፣ ታፍኖ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፤ ያ ደግሞ ሰው ከሚያስበው እጅግ ያነሰ ነው። በተለይ ጣና ላይ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ ጣና ላይ በዚያው ሙቀት ቢበዛ 6.7 ገደማ ነው። እንግዲህ በርሜላችሁ አፉ ድረስ ቢሞላ እንኳ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ተጠራቅሞ 1.3 ግራም ነው። ከዚያ ላይ ቆሮሶው ሳይጨነቅ የሚጠቀምበት ግማሹን ያህሉን ብቻ ነው። 20 ኪሎ ቆሮሶ ደግሞ በሰዓት በግምት 6 ግራም ይፈልጋል። ሲንፈራገጥ ቆይቶ የገባ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሒሳቡን ብትመቱት ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ዓሣው ወደ ላይ ይወጣል፣ አፉን ከውሃው ፊት ላይ ለጥፎ ይከፍታል ይዘጋል፣ ቀጥሎ በጎኑ ይተኛል። ይህን ያያችሁት ይመስለኛል።

የቆመ በርሜል ነገሩን ያባብሰዋል። አዲስ ኦክስጅን ወደ ውሃ የሚገባው አየርና ውሃ በሚነካኩበት ፊት በኩል ነው። በርሜል ጥልቅ ነው፣ ፊቱ ግን ጠባብ ነው። ክዳን ሲደረግበት ያቺም ትዘጋለች።

በረዶውስ? ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፣ ዓሣውም ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ግን ቆሮሶ የሙቀት ዓሣ ነው። ከመረብ ወጥቶ የደነገጠ ቆሮሶ ላይ በረዶ ስትደፉበት ድንጋጤው እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ በረዶው ከቧንቧ ውሃ የተሠራ ከሆነ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል፤ ክሎሪን ደግሞ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ማቀዝቀዝ ካማራችሁ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ውሃ አስበርዳችሁ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ ገንዳው ውስጥ ጣሉት። ከሐይቁ ሙቀት ከ3 እስከ 4 ዲግሪ በላይ አታውርዱ፤ እሱንም ቀስ በቀስ።

«ስንት ሊትር ይሁን» የሚለው ጥያቄ ራሱ መስተካከል አለበት። ዓሣውን በሕይወት የሚያቆየው የገንዳው ትልቅነት ሳይሆን የሚገባው አዲስ ውሃ መጠን ነው። 100 ሊትር ገንዳ በደንብ የሚፈስ ውሃ ካለው 500 ሊትር የቆመ ውሃን ይበልጠዋል። ትልቅ ገንዳ ደግሞ ጀልባ ላይ አደጋ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 200 ሊትር ማለት ሦስት ጎልማሳ ሰው ጨምራችሁ እንደመጫን ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ደግሞ አርፈው አይቀመጡም፤ ጀልባው ወደ ግራ ሲያዘነብል ሁሉም ተያይዘው ወደ ግራ ይሮጣሉ። ግማሹ ብቻ የተሞላ ሰፊ ገንዳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ አያየውም። በታንኳ ለሚሠሩ ወንድሞቻችን ደግሞ በቀጥታ ልንገራችሁ፤ ደንገል ላይ የውሃ ገንዳ አይጫንም፣ አትሞክሩት።

ከመሥራታችሁ በፊት የምትይዙትን ዓሣ ዓይነትና የምትይዙበትን መንገድ እዩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው። መረብ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት የሚነሳ ከሆነ፣ ከሚወጣው ዓሣ ብዙው ሞቷል ወይም ሊሞት ነው። አንዱን ቆሮሶ አንሡና ስንጥቡ አካባቢ እዩት። ክሩ የቆረጠው መስመር አለ፣ ቅርፊቱ ተገፏል፣ ገላውን የሚሸፍነው ዝልግልጉ ነገር ተጠርጓል። ያ ዝልግልግ ቆዳውን ከበሽታና ከውሃ የሚጠብቅለት ልብሱ ነው። እንዲህ ያለውን ዓሣ የዓለም ምርጥ ገንዳ ውስጥ ብትከቱት ሰዓታት ቢቆይ ነው፤ እየሞተም የሌላውን ውሃ ያበላሻል። ገንዳው ሐኪም ቤት አይደለም። ለገንዳ የሚሆነው በመንጠቆ የተያዘ፣ ወይም ተጥሎ ወዲያው በተነሳ መረብ የተያዘ ዓሣ ነው። በእርጥብ እጅ ያዙት፣ በደረቅ ጨርቅ አትጠቅልሉት፣ ከአየር ላይ ቶሎ አውርዱት።

በዓይነት ደግሞ፣ ቆሮሶ ጠንካራ ነው፣ ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ የጀርባው እሾህ ግን ሲጨናነቅ ጎረቤቱን ይወጋል። አምባዛ ከሁሉም ይቀላል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ከክዳኑ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉለትና ክዳኑን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ አለበለዚያ ይወጣል። ከቆሮሶ ጋር ግን አንድ ገንዳ ውስጥ አትቀላቅሉት። ነጭ ዓሣ የምንለው የባርበስ ዘር ለጉዞ አይመችም፣ ቶሎ ይሞታል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ ከልቤ ነው። ከእነዚህ ዘሮች አብዛኞቹ ከጣና ውጪ በዓለም የትም የሉም። ክረምቱ ሲበረታ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የነገውን እንጀራ ዛሬ መጨረስ ነው። እባካችሁ በዚያ ወቅት ከግልገል አባይም ሆነ ከሌሎቹ ወንዞች አፍ ራቁ።

ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ከጀልባው ጎን የሚንጠለጠል የመረብ ቅርጫት ነው። ጀልባው ቆሞ ሳለ ከእሱ የሚሻል የለም፤ ውሃው ራሱ ሐይቁ ነው። ሞተር ሲነሳ ግን ዓሣው ከመረቡ ጋር እየተላተመ ያልቃል። ስለዚህ ማጥመጃ ቦታ ላይ እስካላችሁ ድረስ ተጠቀሙበት፣ ስትነሱ ወደ ገንዳ አዛውሩ። ሁለተኛው በቆመ ውሃ ላይ የአየር ፓምፕ ማድረግ ነው። ለጥቂት ዓሣና ለአጭር መንገድ ይሠራል። ግን ብዙ ሰው አረፋው ራሱ ኦክስጅን የሚሰጥ ይመስለዋል። አረፋው ዋና ጥቅሙ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ማንቀሳቀሱና ፊቱን ማናወጡ ነው። ከዓሣው የሚወጣውን ቆሻሻ ደግሞ አያስወግደውም። ሦስተኛው ከሐይቁ እየሳበ በአንድ በኩል የሚያስገባ፣ በሌላ በኩል የሚያስወጣ ገንዳ ነው። ለእናንተ የምመክረው ይህንን ነው።

ሳጥኑን በሚመለከት፣ ባለ 120 ሊትር አካባቢ የፕላስቲክ የበረዶ ሳጥን ካገኛችሁ ግዙና ሥራውን ተገላገሉት። ግድግዳው ሙቀት አያስገባም፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ዓሣ በሌለበት ቀን ደግሞ በረዶ ትይዙበታላችሁ። ካልተገኘ አናጺ ይሥራችሁ። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ውሃው 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቆም 100 ሊትር ይይዛል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ውስጡ ሁለት ድርብ ፋይበር ግላስ፣ ማዕዘኖቹ ተሞልተው የተድቦለቦሉ። ሹል ማዕዘን ዓሣው አፍንጫውን የሚያቆስልበት ነው። ከውጪ ሦስት ሴንቲ ሜትር ፎም አልብሱትና ነጭ ቀለም ቀቡት። ፋይበር ግላሱ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያም ውሃ እየሞላችሁ ደጋግማችሁ ድፉ። በደንብ ያልደረቀ የፋይበር ግላስ ማጣበቂያ (ሬዚን) እና ሻጋታ ተከላካይ ያለበት ሲሊኮን ዓሣ ይገድላሉ። በውሃው መንገድ ላይ የመዳብ፣ የነሐስ ወይም የዚንክ ቅብ ብረት ዕቃ አትግጠሙ፤ ፕላስቲክ ይሁን። ሰማያዊ በርሜል መጠቀም የግድ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር በእርግጠኝነት የምታውቁትን ብቻ። የኬሚካል በርሜል በሳሙና ታጠበ ተብሎ ንጹሕ አይሆንም፤ ያንን ዓሣ ነገ ሰው ይበላዋል።

አቀማመጡ ላይ ቸል አትበሉ። ሳጥኑ ከጀልባው መሐል፣ ዝቅ ብሎ፣ ረጅሙ ጎኑ ከጀልባው ርዝመት ጋር ሆኖ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን ውሃው ወደ ጎን የሚሮጥበት ቦታ 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ጀልባ የሚገለብጠው የጎን ሩጫ ነው። በገመድ ሳይሆን በቡሎን እሰሩት። ቡሎኑ ወለሉን ሳይሆን ከጎን ከተበየደ ማዕቀፍ ላይ ይግባ።

አሁን ውሃው እንዴት ይውጣ? መግቢያውን ሁሉም ያስባል፣ መውጫው ላይ ነው የሚሳሳቱት። ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ እንዲወርድ የገንዳው የውሃ ልክ ከውጪው ሐይቅ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ጀልባውን እንደ ሥራ ቀን ጫኑት፤ ነዳጁ፣ መረቡ፣ ሁለታችሁም ገብታችሁ፣ ገንዳው ያለበት ቦታ ላይ 100 ኪሎ ዕቃ አስቀምጡ። ከዚያ ውጪው ውሃ የደረሰበትን በቀለም ምልክት አድርጉ። መውጫው ከዚያ ምልክት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጎን በኩል ይበየድ፤ ከውሃ በላይ ያለ ቀዳዳ ከወለሉ ቀዳዳ ጋር አይነጻጸርም። ሳጥኑ ዝቅ ካለ ከሥሩ ጣውላ አድርጋችሁ የሚበቃውን ያህል ብቻ አንሡት። ከውጪ ማዕበል እንዳይመልስ የጎማ ክዳን፣ ከውስጥ ቫልቭ ይኑረው።

ገንዳው ውስጥ የሚቆመው የመውጫ ቱቦ 28 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ይሁን። መግቢያው ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። መውጫው ከመግቢያው በግልጽ ካልሰፋ ገንዳው ሞልቶ ጀልባው ውስጥ ይፈሳል፣ ሳታውቁት። በዚያ ቱቦ ላይ ሰፋ ያለ ሌላ ቱቦ ከታች በኩል ቀዳዳ በዝቶበት ቢለበስ፣ የሚወጣው ውሃ ከገንዳው ሥር ያለው የቆሸሸው ይሆናል። የሚገባው ውሃ ደግሞ ከላይ በረጅም የተበሳ ቱቦ በኩል ልክ እንደ ሻወር ይውረድ፣ ከውሃው ፊት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ሲወድቅ አየር ይቀላቅላል።

ፓምፑ ባለ 12 ቮልት፣ ጀልባ ውስጥ የገባ ውሃ ለማውጣት የሚሸጠው ዓይነት ነው። በሰዓት 500 ጋሎን የሚለውን ውሰዱ፤ 1,900 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። ጎማና ከፍታ ሲጨመርበት 1,200 ሊትር አካባቢ ቢሰጣችሁ ጥሩ ነው፤ እሱም ይበቃል። ለምን? 10 ኪሎ ቆሮሶ በሰዓት 3 ግራም ኦክስጅን ይወስዳል፣ ከእያንዳንዱ ሊትር አዲስ ውሃ ደግሞ 2.5 ሚሊግራም ያህል ቢጠቀም ውሃው አሁንም ለመተንፈስ ይመቻል። ሲካፈል 1,200 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ ገደባችሁ 10 ኪሎ ነው። 20 ኪሎ ለመጫን አትሞክሩ፤ ገበያው ቢጠይቅም፣ የጾም ሰሞን ቢሆንም።

ፓምፑን ከጀልባው ኋላ፣ ከሞተሩ መዞሪያ ራቅ አድርጋችሁ በብረት ክንድ ላይ ከውሃ በታች እሰሩት። መዞሪያው አጠገብ ከሆነ አረፋ ይስባል፣ ፓምፑም ባዶውን ይጮኻል። ከፊቱ ወንፊት ይኑረው፤ እምቦጭ ባለበት አካባቢ ሥሩና ቅጠሉ ይደፍነዋል፣ እየፈተሻችሁ አጽዱት።

የዚህ ዓይነት ፓምፕ ከ2 እስከ 3 አምፔር ይወስዳል። ስምንት ሰዓት ቢሠራ 20 አምፔር ሰዓት ነው። የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት ባለ 50 አምፔር ሰዓት ያዙ። ትናንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ባትሪ አይሞሉም፤ ወይ ቤት ትሞሉታላችሁ፣ ወይ ባለ 50 ዋት ሶላር ጀልባው ላይ ታስራላችሁ። ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ጫፍ አጠገብ የግድ ነው። ባትሪውን ከነዳጅ ጀሪካኑ አርቁ፤ አንዲት ብልጭታ በቂ ናት።

ሌላ ትንሽ ፓምፕ ደግሞ ገንዳው ውስጥ አስቀምጡ፤ የገንዳውን ውሃ ራሱን ወደ ሻወሩ የሚመልስ። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ወደ ከተማው ዳርቻ ስትቀርቡ ውሃው ቆሻሻ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ስንጥብ ይደፍናል። ስለዚህ ውሃውን ከክፍት ሐይቅ ትሞላላችሁ፣ ዳርቻው ሲቃረብ የውጪውን አጥፍታችሁ የውስጡን ታበራላችሁ። በዚያን ጊዜ ብቻ ለ100 ሊትር 300 ግራም ተራ ጨው ብትበትኑበት ዓሣው ይረጋጋል። ውሃ እየፈሰሰ ሳለ ጨው መጨመር ጨው መድፋት ነው። ዋናው ፓምፕ ቢበላሽም ይህ ሁለተኛው ያድናችኋል። ሁለቱም ካቆሙ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ናት ያለቻችሁ፤ በባልዲ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ ድፉ።

ሳትበይዱ፣ ሳትገዙ በፊት ግን ነገ ጠዋት ሁለቱ ምግብ ቤቶች ጋ ሂዱና ዓሣውን የት እንደሚያቆዩት ጠይቁ። የቧንቧ ውሃ የሞላ ሳፋ ካሳዩአችሁ ክሎሪኑ እዚያው ይጨርሰዋል፣ ሞተ ብለውም ዋጋ ይቆርጡባችኋል። ገንዳ ከሌላቸውና በር ላይ ተቀብለው ወዲያው የሚያርዱት ከሆነ፣ ከመንጠቆ እንደወጣ ሆዱ ተከፍቶ በእኩል ክብደት በረዶ ውስጥ የመጣ ዓሣ ለድስቱ ምንም አያንስም፤ ወጪያችሁ ሳጥኑና በረዶው ብቻ ይሆናል። ካደረ መረብ የወጣውን ዓሣ በማንኛውም ሁኔታ በዚህ መንገድ አምጡ። ሁለቱም ምግብ ቤቶች በእርግጥ በሕይወት ፈልገው የሚያቆዩበት ካላቸው ብቻ ገንዳውን ሥሩ። ሲያልቅ መጀመሪያ ያለ ዓሣ ዳርቻው ላይ ሦስት ሰዓት አስነሡት፤ ጎማው ይንጠባጠብ እንደሆነ፣ መውጫው ውሃውን በደንብ ያወጣ እንደሆነ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደወረደ እዩ። ቀጥሎ በሦስት ኪሎ ቆሮሶ ጀምሩ። መንገድ ላይ ክዳኑን ስትከፍቱ ዓሣው ከሥር ተኝቶ ስንጥቡን ቀስ እያለ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ በሚቀጥለው ቀን ጨምሩ። አፉን ወደ ላይ ካወጣ የወንፊቱን ድፈንና የፓምፑን ፍሰት አረጋግጡ፤ ካልተሻለው ዓሣ ቀንሱ።